ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

«ቁረጠው አልኩህ!» አለች ሱዪን።

«ምኑን ልቁረጥ እትዬ? ሐሳቡ መች አለቀና!»

«ያንተ ሐሳብማ እስከ ነገም አያልቅ። በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሌላ ሙሉ ዓረፍተ ነገርን በነጠላ ሰረዝ ብቻ አይጎትትም።»

«በኛ ቋንቋ ይጎትታል።»

«መርከቡ የኛ ነው?»

ደሹን ሳቀ፤ ብዕሩን ግን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። ከባሕር ትምህርት ቤት ገና መመረቁ ነው። አንድ የውጭ መርከብ ኩባንያ ሊቀጥረው አስቦ የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲልክ ጠይቆታል፤ ፖስታ ቤቱም ሊዘጋ ነው። እህቱ ደግሞ በሴቶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ በቀይ እርሳሷ ያላለቀሰች የወደብ ከተማዋ የኪሉንግ ልጃገረድ አልነበረችም።

ኋላ፣ ሰፈሩ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ከወጣበት በኋላ፣ ያን ቀን ስታስበው ሱዪንን ቀድሞ ትዝ የሚላት ዝናቡ ነበር። ኪሉንግ ላይ ዝናብ እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ከዚያ ከታች፣ ምድር ቤት ከሚኖሩት ከእማማ ጓይ መጥበሻ የሚወጣው የዓሣ ሽታ፤ የወደቡ ጥሩምባ፤ ገጹ ላይ ያቀረቀረው የወንድሟ ቀጭን አንገት።

«ከሰረዟ ወዲህ ያለውን በጣትህ ሸፍነህ ያኛውን አንብብ። ብቻውን ቆመ? አሁን ይሄኛውን። እሱም ቆመ? እንግዲያው ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ምንም ካላገናኛቸው ነጥብ። የሚያገናኛቸው ካለ አፍ አውጥተህ ተናገረው።»

ደሹን አነበበ። «ወደብ አጠገብ ተወለድኩ፣ መርከብ እወዳለሁ።»

«ምን አገናኛቸው?»

«ስለዚህ።»

«ጨምርበት። ቀጥል።»

«ዋና እችላለሁ፣ ዓሣ መብላት አልወድም።»

«እነዚህንስ?»

«ባሕሩ!»

«አንተ ልጅ! ዓሣውን ሰርዘው። እማማ ጓይ ቢሰሙ በጭልፋቸው ነው የሚያናግሩህ።»

እየሳቁ ገጹን ወደ ታች ማረም ቀጠሉ። ከዚያ ጣቷ ቆመ። «አባቴ ሞተ፣ እህቴ ታይፔ አልሄደችም» ይላል።

«ነጥብ አድርግ» አለች።

«ምን አገናኛቸው ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«አይገናኙማ። የታይፔ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ወድቄ ነው የቀረሁት፤ ነግሬህ የለ?»

«እትዬ፣ ስምሽ እኮ ካለፉት ጋር በሬዲዮ ተነቧል! እማማ ጓይ ደጃፋችን ላይ ርችት ተኩሰዋል። ርችቱ የሰርግ ነው አልሽኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር እንጂ ደንቆሮ አልነበርኩም።»

ሱዪን እርሳሱን በጣቶቿ መሃል አሽከረከረችው። ያን ሁሉ ዓመት ውሸቱን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ነበር የያዘችው፤ ልጁ በኔ ምክንያት ቀረች ብሎ እንዳያድግ።

«ይሄን ተሸክመህ ባሕር ላይ እንድትወጣ አልፈልግም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የተሸከምኩትማ ድሮ ነው። አሁን የምጠይቅሽ ሰዋስው ብቻ ነው። መሃላቸው ‹ስለዚህ› ብል ስህተት ነው?»

ነጥብም ያስኬዳል፤ ‹ስለዚህ›ም ያስኬዳል። እህቱ ብቻ ብትሆን ኖሮ ‹አዎ፣ ስህተት ነው› ባለችው ነበር። አስተማሪዋ ግን አልቻለችም።

«አይደለም» አለች። «ስህተት አይደለም።»

ደሹን ጻፈው። እሷም ቀዩን እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በዚህ መሃል እማማ ጓይ ትኩስ የዓሣ ጥብስ በሳህን ይዘው፣ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ።

«ብሉ ልጆቼ፣ ሳይበርድ! ያ የልጄ ባል ጉድ ሠራኝ እኮ፤ መጥቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል የኔን ጫማ አጥልቆ ውልቅ! በአንድ እግሩ የኔን፣ በአንዱ የራሱን ቢሆን እንኳ ተሳስቶ ነው እል ነበር!»

«በሴት ጫማ?»

«በሴት ጫማ! ሰፈሩ አይቶ ሳቀ፣ እሱም ሰላም የሚሉት መስሎት እጁን አነሳላቸው!»

ሱዪን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወንበሩን ሳበችላቸው፤ ኪያር ቆርጣ በሳህኑ ዳር ደረደረች። ደሹን ገጹን አጥፎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ፣ ጫማውን በር ላይ አጠለቀና ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ ደረጃውን ወረደ።

«ከዚያስ እማማ?» አለች ሱዪን። «ከዚያስ ምን አሉት?»