የዘርፈሽ ክር

«ዘርፈሽ ነፍሷን ይማርና፣ ያንን ክሯን እኮ ራሷ አልነበረችም የምትፈትለው ይላሉ» አለች ከገረሴ የወረደችው ለቀስተኛ፣ ንፍሮዋን እየቆረጠመች። «ኦቾሎ መንደር ያለች አንዲት መበለት ነች አሉ የምትፈትልላት።»

ብርቅዬ የዘገነችው ንፍሮ እጇ ላይ ቀረ። ወሬውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የአብዮት በዓል ሰሞን፣ ከራሷ አፍ የወጣ ነው። ቀበሌው የእጅ ሥራ ሲያሳይ የዘርፈሽ ክር አንደኛ ተባለ። የብርቅዬን ክር ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተው፣ የአንዷ ጨው ሲያልቅ ከሌላዋ እየተበደሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ያን ቀን ግን ቅናት አንጀቷን አሳረረውና፣ ኩልፎ ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ ለአንዷ ሹክ አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዓመት ሙሉ ክር የሚገዟት ሸማኔዎች ከዘርፈሽ ደጅ ቀሩ። ይኸው ወሬው ገረሴ ድረስ ወጥቶ፣ በሠልስቷ ቀን ድንኳን ገባ።

በዚያ ዓመት ዘርፈሽ ከማንም አልተጣላችም። ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ብርቅዬ አላስችል ብሏት አንድ ቀን «አያናድድሽም?» አለቻት።

«ያናድደኛል እንጂ። ግን ልጄ ማርቆስ ከመጽሐፍ አንብቦ ነገረኝ። ድሮ ግሪክ አገር አንድ አንካሳ ባሪያ ነበር አሉ። በእጅህ ያለውን ያዝ፣ በእጅህ የሌለውን ተው ይል ነበር። እንዝርቱ በእጄ ነው፤ የሰው አፍ በእጄ አይደለም።» ሳቀች። «ይህን ለማወቅስ መጽሐፍ ምን ያደርጋል? ጥጥ መፍተል ይበቃል።»

«ያወራብሽስ ሰው?»

«እሱማ ያሳዝነኛል። ቅናት መጀመሪያ የሚበላው ባለቤቱን ነው።» ሙዝ ልጣ ግማሹን ሰጠቻት። ብርቅዬ ያን ሙዝ እንዴት እንደዋጠችው እግዜር ያውቃል።

አሁን ዝም ካለች ውሸቱ በዘርፈሽ ስም ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። ከተናገረች ደግሞ ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ የሟች ባል ጋሽ ዳልጮም ጭምር፣ ይሰማታል። ንፍሮውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ውሸት ነው» አለች። «ክሩን የፈተለችው ራሷ ናት። ያወራሁት እኔ ነኝ። ቀንቼባት ነው።»

የገረሴዋ ሴት ማላመጧን አቆመች። ጋሽ ዳልጮ ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ ቤት ገባ። ብርቅዬ ሊያስወጣት ያሰበ መሰላት፤ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። እሱ ግን ባዘቶ የሞላ ሰፌድና ግማሽ ክር የተጠመጠመበት እንዝርት ይዞ ተመለሰ።

«ታውቅ ነበር» አላት። «ያወራሽው አንቺ እንደሆንሽ ዘርፈሽ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ታማ ተኝታ፣ ‹ብርቅዬ እጇ ይቸኩላል እንጂ ልቧ ደግ ነው፤ ይህን እሷ ትጨርስልኝ› አለችኝ። እስክትናገሪ ነው የጠበቅኩት።»

በለቅሶ ቤት ማንም አይፈትልም። ብርቅዬ ግን እዚያው ሰሌኑ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና እንዝርቱን አሾረችው። ቸኩላ ስትስበው ክሩ ተበጠሰ። ጫፉን በከንፈሯ አረጠበችው፤ እንባዋ እዚያ ደርሶ ነበር። ከዘርፈሽ ክር ጋር አገናኝታ በጣቶቿ አሸችው፤ ሳትቸኩል።