የሙሉእመቤት ፌጦ

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ለአርበኞች ስንቅ አቀብላችኋል ተብለን በአባቴ ርስት ላይ ጨው የመሰለ መርዝ ተበተነበት። የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ማድረቂያ ነው አሉ። በዚያ ክረምት ሣር እንኳ አልበቀለም።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ታናሽ ወንድሜ ፈንታሁን የባንዳ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና "ከአባቴ ርስት ግማሹን!" አለ። ክረምቱ መርዙን አጥቦታል ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው አምን ነበር። ጭንቀቴ ለሙን ጥቁር ዋልካ እንዳይወስድብኝ ነው፤ የሚቀረው የዳገቱ ጭንጫ ነዋ! በጭንጫ አራት ልጅ አያድግም።

ባለቤቴ ሙሉእመቤት ግን ያላየችውን አታምንም። ከዋልካውም ከጭንጫውም አፈር አምጥታ፣ በሁለት ገል አድርጋ ፌጦ ዘራችበት። ፌጦ ለመብቀል ሦስት ቀን አይፈጅበትም። የጭንጫው ለመለመ፤ የዋልካው ዝም አለ።

"ጭንጫ ውሃ አይቋጥርም፣ መርዙም አብሮ ወርዷል። ዋልካ ግን የያዘውን አይለቅም" አለችኝ። ሳቅሁባት። ሞኝ ነበርሁ።

ሽማግሌ የተቀመጠ ዕለት መሪጌታ ገብረመድኅን ያገሩን ደንብ አስታወሱ፤ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። ሙሉእመቤት "እኔ እከፍላለሁ" ብላ ተነሳችና ድንበሩን በዋልካውና በጭንጫው መካከል ተከለችው።

"አብደሻል እንዴ?" አልኋት በሹክሹክታ።

"ዝም ይበሉ" አለችኝ።

ገሎቹ ደጃፋችን ላይ ነበሩ። ፈንታሁን አያቸውና "ምነው አንቺ ሴትዮ፣ ሆዳችሁን ታማችኋል?" ብሎ ሳቀ። ሳይውል ሳያድር ዋልካውን መረጠ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ፈንታሁን የዘራው ጤፍ በቀለ ሲባል ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። ደግሞ ዘራ፤ ደግሞ ደረቀ። የእኛ ገብስ ግን ኅዳር ላይ ዛላው ከብዶት ጎነበሰ። እንዴት ደስ አለኝ! አውድማው ሞላ፣ ልጆቼ ጠገቡ፣ ጫካ ላሉትም ስንቅ ወጣ።

በሚቀጥለው ክረምት ጣሊያን አገሩን ለቀቀ። ፈንታሁን ያለ ጠመንጃው፣ አንገቱን ደፍቶ ደጃችን ቆመ። እኔ ላባርረው ተነሳሁ። ሙሉእመቤት ግን አንድ ቁና ገብስ ሰፈረችና በላዩ እፍኝ ፌጦ ጨመረችበት።

"ገብሱን ብላው" አለችው። "ፌጦውን በየዓመቱ ከዋልካው አፈር ላይ ዝራው። እሱ እሺ ሳይልህ ጤፍ አታባክን።"

"አንቺ ሴትዮ" ይላት የነበረው ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ።

"እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ" አላት።