ለቅሶ የማያመልጠው ዕጩ

«ያዘው እንጂ፣ በርቷል እኮ» አለ ክንዱ፣ ሜጋፎኑን ዳኘው ደረት ላይ እየገፋ።

ዳኘው አልያዘውም። መዳፉ ላይ የእናቱ መቃብር አፈር ገና አለ። ቀብሩ አሁን ነው ያለቀው፣ ቄሶቹ እንኳ ካባቸውን አላወለቁም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ያለው ሜዳ ላይ ደግሞ ሰው ተቀምጧል። ምን ዓይነት ሰው መሰላችሁ፤ ከቡሬ በሚኒባስ የመጣ፣ ከፍኖተ ሰላም የመጣ፣ ከየገጠሩ ጭቃውን እየረገጠ በእግሩ የመጣ። ሜዳው አልበቃ ብሎ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሞልቷል። ዝናቡ ስለሚያካፋ ሁሉም ጃንጥላ ዘርግቷል።

«አየህ?» አለ ክንዱ በሹክሹክታ። «ሰዉ ሁሉ ምልክታችንን ይዞ ነው የመጣው።»

የፓርቲያቸው የምርጫ ምልክት ጃንጥላ ነው። ክንዱ ደግሞ የዳኘው የቅስቀሳ አስተባባሪ ነው፤ ከቡሬ ካምፓስ ተመርቆ ሥራ ያጣ፣ ቀብር ላይም ቀልድ የማያልቅበት ልጅ። ዳኘው አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኘው ፍኖተ ሰላም ላይ ወፍጮ ጠጋኝ ነው፤ ለክልሉ ምክር ቤት እየተወዳደረ ነው። ገዢውን ፓርቲ ሁሉም ያውቀዋል፣ ትልቁን ተቃዋሚም ሁሉም ያውቀዋል። የዳኘው ፓርቲ ሦስተኛው ነው፤ ስሙን ክንዱ ራሱ አንዳንዴ ይሳሳተዋል። አዳራሽ ሲጠይቁ ተይዟል ይባላሉ፤ ሜዳ ሲጠይቁ ፈቃጁ ስብሰባ ገብቷል ይባላሉ። ዳኘው ምን ያድርግ፣ ዘዴ ዘየደ። ፈቃድ ሳይጠየቅ ሰው የሚሰበሰበው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። በቃ፣ ከጥር ወዲህ እዚህ አካባቢ ሰው ሞተ ከተባለ ዳኘው አለ። መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ቁጭ ብሎ ያድራል። ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ሰው ፊቴን ከለመደው ይበቃኛል ብሎ። ኋላ ኋላማ በሽተኛ ያለበት ቤት ሰው ሲያየው መደንገጥ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ቡሬ ገበያ ላይ አግኝታው «ምነው ልጄ፣ ባሌ እኮ ድኗል» ብላዋለች።

ይኸው የራሱ እናት ሞተች፣ ያ ሁሉ ሰው መጣ። ዛሬ ደግሞ የቅስቀሳው መጨረሻ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ክልክል ነው።

«ምስጋናውን ካቀረብክ በኋላ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለ ክንዱ። «ስለ ድልድዩ። ሌላ ምንም አትበል።»

እናቱን ወለተ ጊዮርጊስን ሆዷን ሲያማት በቃሬዛ አወጧት። ወንዙ ድልድይ የለውም፣ ያን ቀን ደግሞ ሞልቶ ነበር። አምቡላንሱ ማዶ መብራቱን እያብለጨለጨ ቆመ፣ እነሱ ወዲህ ቆሙ። ውሃው ሲጎድል እሷ አልነበረችም። ዳኘው መጀመሪያውንም የተወዳደረው ለዚህ ድልድይ ነው፤ ምክር ቤት ገብቶ ሊጮህለት።

ታላቅ እህቱ ንግሥቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጣች። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ከእናቱ እኩል ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእንግዲህ ከእሷ ሌላ ማንም የለውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሜጋፎኑን እያየች።

«ለምስጋና ነው፣ እታለም።»

«ለምስጋና አፍህ ይበቃል።» ክንዱን ገላመጠችው። «ስማኝ ዳኘው። የሰውን ለቅሶ ስትዞርበት ዝም አልኩ። የእሷን ሬሳ መወጣጫ ካደረግከው ግን እህት የለህም። ደጄን እንዳትረግጥ።»

«እሷን የገደላት እኮ…»

«ምን እንደገደላት አትንገረኝ። እጇን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ትታው ሄደች። ወዲያው የዕድሩ ዳኛ አያ ላቀው በዱላቸው እየተደገፉ ደረሱ። «ሰዉን አሰናብተው እንጂ ልጄ፣ ዝናብ እየመታው ነው» አሉ።

«አያ ላቀው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄ ሰው ይመርጠኛል?»

ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞረው አዩ። «ወንድሜን ቀብረህልኛል። ይኸው መጥቼ እናትህን ቀበርኩ። እዚህ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው፣ ለቅሶውን ሊመልስ ነው የመጣ። ድምፁ ሌላ ነው። ማዳበሪያው በማን እጅ እንዳለ ታውቃለህ፤ በቆሎው ደግሞ ‹ምርጫው ይለፍ› ብሎ አይጠብቀንም።»

«እርስዎስ?»

«እኔም አልመርጥህም። ዋሽቼህ ከምሄድ ብዬ ነው።»

«አትስማቸው» አለ ክንዱ፣ ሽማግሌው ራቅ እንዳሉ። «ወጣቱ አለልህ።»

ዳኘው ወጣቱን በዓይኑ ፈለገው። ወጣቱ ባጃጅ ውስጥ ዝናቡን ተጠልሎ ስልኩን ይነካካል።

ሜጋፎኑን ተቀብሎ ወደ ሜዳው ወጣ። «የደረሳችሁልን ሁሉ፣ ብድራችሁን በደስታ ቀን ይመልስልን» አለ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። ቅስቀሳ ከጀመረ ወዲህ አንድ ቃሉን እንኳ እንዲህ የተቀበለው ሰው አልነበረም።

ማንም አልተነሣም። ሌላ የሚናገር መስሏቸው ይጠብቃሉ። ክንዱ ከጎን አምስት ጣቱን ያሳየዋል። ንግሥቴ ከመቃብሩ አጠገብ ቆማ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ከታች ወንዙ ይሰማል፤ ላይ አገር ዘንቧል መሰል፣ እንደገና እየሞላ ነው። ዳኘው ቢናገርም እንደማይመረጥ አሁን አውቋል፤ ከእህቱ ግን ይቆራረጣል። ዝም ቢል ደግሞ የድልድዩን ነገር ዳግም የሚያነሣው የለም፣ ክረምቱም ገና መግባቱ ነው፣ ሌላ እናት ወንዙ ዳር ትቆማለች። ሜጋፎኑ እጁ ላይ እዝዝ ይላል።

እስቲ እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ፣ ትናገራላችሁ ወይስ ሜጋፎኑን ታጠፉታላችሁ?