መሬቱ ይረፍ

በዚያ ዓመት ብርቱካኑ ያለ ልክ አፈራ። ቅርንጫፉ ጎብጦ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ቅጠሉ ግን ወይቦ ነበር። የእርሻው ባለቤት፣ አገር ምድሩ «እትዬ» የሚላት ሴት፣ ያየችው ፍሬውን ነው። ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ታናሽ ወንድሟ ያየው ቅጠሉን።

«ምሁሩ» ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት፤ መጀመሪያ ስሙ ኩራት ነበረበት። አምና የውሃ ጉድጓዱ ይደርቃል ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ ውሃ ሲያስቆጥብ ከርሞ፣ ጉድጓዱ ጢም ብሎ ሲሞላ ጊዜ ግን ስሙ መቀለጃ ሆነ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ጎረቤት «ምሁሩ ይዘንባል ካለ ልብሳችሁን አስጡ» ይላል። እሱም አብሮ ይስቃል። ብቻውን ሲሆን ግን ቀልዱን ደጋግሞ ያስበዋል።

አንድ ቀን የጭነት መኪናው በሚመላለስበት መስመር ላይ፣ አፈሩን ሊፈትሽ፣ የብረት ዘንግ ሊተክል ሞከረ። ዘንጉ ትንሽ ገባና ድንጋይ እንደነካ ሁሉ ነጠረ። አካፋ አምጥቶ ከአንዱ ዛፍ ሥር ቆፈረ። የላይኛው አፈር ልል ነው፤ ከሱ በታች ያለው እንደ ጡብ ተጠቅጥቋል። ሥሮቹ እዚያ ሲደርሱ ግድግዳ እንደገጠመው ሰው ወደ ጎን ዞረዋል። ውሃው መስረጊያ አጥቶ ስለተኛባቸው ብዙዎቹ ጠቁረዋል፤ ልጣቸው በጣት ሲነኩት ሙልጭ ይላል፤ ሽታቸው የከረመ እንቁላል ነው። መሞቻው የደረሰ ዛፍ አንዳንዴ ያለ የሌለ ኃይሉን ወደ ፍሬ እንደሚሰድ ተምሯል። የተማረው ግን ከሥዕል ነው። የቆፈረውንም መልሶ የደፈነው ማንም ሳያየው ነው።

ለእህቱ መንገር ቀላል አልነበረም። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ፍሬው ከእርሻው የሚወጣው በሰው ጀርባ ነበር፤ ከሁሉ በላይ በባሏ በጋሼ ጀርባ። ምሁሩ ሳሎን ሲገባ ጋሼ አግዳሚው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ላስቲክ ወገቡ ላይ አስቀምጧል። እትዬ መልቀሚያ ጆንያ ትሰፋለች።

«እትዬ፣ መኪናው ዘንድሮ ከመስመሩ ይውጣ» አላት። «በእርጥብ አፈር ላይ ከተመላለሰ ዛፎቹ አለቁ። መሬቱ ይረፍ።»

መርፌዋ ቆመ። «ይረፍ? አባባ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ማን ያረፈ አለ?»

ጋሼ ሳቀና ሳቁ ወገቡን ወጋው። የአምናው የውሃ ጉድጓድም እንዲሁ አልቆለት እንደነበር፣ ክፋት በሌለው ድምፅ አስታወሰው። ምሁሩ ስለ ሥሮቹ አወራ፤ ስለ ሽታው አወራ። እትዬ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቷል።

«እርግጠኛ ነህ?»

አዎ ቢላት ትሰማው ነበር። ያንን በኋላ ሳይሆን ያኔውኑ አውቆታል።

«ይመስለኛል» አለ።

«በይመስለኛል ይህን ሰውዬ የፍሬ ሳጥን አላሸክመውም» አለችና መርፌዋን ቀጠለች።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት መኪናው ገባ። ጎማው ያለፈበት ቦይ ሆነ፤ ቦዩ ውሃ ሞላ፤ ውሃው አልሰረገም፣ አልፈሰሰም፣ ሰማዩን እያሳየ ዝም ብሎ ተኛ። ምሁሩ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። አፉን ደጋግሞ ከፈተ፤ መልቀም የጀመሩት ሴቶች እየተጠቃቀሱ ሲሳሳቁበት መልሶ ዘጋው። መኪናው ከእርሻው መሀል ሲደርስ ግማሽ ያህል ተጭኗል።

ጋሼ ዛሬ ወገቤ ደህና ነው ብሎ አንዱ ዛፍ ላይ መሰላል አስደግፎ ወጣ። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛፉ አልተሰበረም፤ እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ ጋደም አለ፣ ከነፍሬው፣ ከነመሰላሉ፣ ከነጋሼ። ሥሩ ሲነሳ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነበር። ያ ሽታ ሁሉንም አዳረሰ።

እትዬ ቅርንጫፉን እየገነጠለች ደረሰችለት። ጋሼ ይተነፍሳል፤ ይናገራልም፤ እግሮቹ ግን አልታዘዙለትም። ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ወደ ወንድሟ ዞረች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ቢሰደብ በወደደ። እሷ ግን የምታየው ከሱ ጀርባ ያሉትን መደዳዎች፣ ጎብጠው የቆሙትን ዛፎች ነው።

«የትኞቹ ናቸው እንዲህ የሆኑት?» አለችው።

«ሁሉም» አለ። አሁን ይመስለኛል አላለም።

ለቃሚዎቹ ማንም ሳያዛቸው ከየመሰላላቸው ወረዱ። ሾፌሩ ጋሼን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሞተር አስነሳ፤ ጎማው ባለበት ተሽከረከረና ጭቃ ረጨ። ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ ፊትና ኋላውም በዛፎች መሀል የሚያልፍ መስመር ነው። አጠገቡ ያለው ብርቱካን ሥሩ አካባቢ ቋ አለ።

ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «እትዬ፣ በየት በኩል ላውጣው?»

እትዬ ምሁሩን ታየዋለች።