የአባ አይሆንም ምድጃ

«ክብሪት ያለው ሰው አለ?» አለ የልጅቷ አጎት በጉልበቱ ተንበርክኮ። ግንበኛ ነውና ፍልጡን አዲሱ የብረት ምድጃ ውስጥ እንደ ድንጋይ እያገጣጠመ ክቦታል።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሏል። ለቀስተኛው ከሟች ፎቶ ይልቅ የምድጃውን አፍ በናፍቆት ያያል። እናቷ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ልጅቷ የሻይ ፔርሙዙን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ሟቹ አባቷ የከተማው የምድጃ ተቆጣጣሪ ነበር። ማንም ሰው ቤቱ ባለው የድንጋይ ምድጃ ውስጥ ባለ መስታወት በር የብረት ሣጥን ቢያስገጥም፣ ተቆጣጣሪ አይቶ ወረቀቱ ላይ ማህተም ሳያሳርፍ እሳት አይለኮስበትም። የራሱን ሥራ ራሱ የሚያጸድቅ ደግሞ የለም። በሠላሳ ዓመት አገልግሎት አባቷ ያተረፈው «አባ አይሆንም» የሚል ስም ነው።

«እኔን በሁለት ጣት ክፍተት ሦስት ጊዜ መለሰኝ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ በር አጠገብ፣ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ተጠግቶ። «ሚስቴ ኬክ ይዛ ብትሄድለት ኬኩንም መለሰው።»

«ቀምሶ ነው ሳይቀምስ?»

«ሳይቀምስ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።»

ክብሪት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ አጎቷ ዘንድ ደረሰ። «ለመሆኑ ወረቀት አለው?» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ዐይን ሁሉ ወደ ሟች ምክትል ዞረ።

ምክትሉ ላብ አጠመቀው፤ በዚያ ብርድ። ቅጹንና ማህተሙን ከደረት ኪሱ አወጣ። «እሳቸው የገጠሙትን እኔ ልመርምር? ለቅሶ ቤት መጥቼ የአለቃዬን ሥራ ብጎረጉር ሰው ምን ይለኛል?» ማህተሙን እፍ እፍ አለበት።

ከአራት ቀን በፊት አባቷን «እማዬ በብርድ ልታልቅብን ነው፣ አንተ ወረቀት ትጠብቃለህ። ለአንድ ቀን እንኳ ደንቡን ትተህ የሰው አባት ሁን» ያለችው ልጅቷ ናት። እሱም ይህን የብረት ሣጥን ገጠመ፤ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቱቦ በጭስ መውጫው ሊያወርድ መሰላል ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ደረቱን ይዞ ወረደና የመሰላሉ እግር ሥር ተቀመጠ። «ቱቦው ቀርቷል፤ እንዳትለኩሱ» አላት። እዚያው እንደተቀመጠ አረፈ።

እሷ ግን መሰላሉን ደብቃ፣ «ሥራውን ጨርሶ ጋዜጣ ሲያነብ አረፈ» አለች። እናቷም ያመነችው ይህንኑ ነው። አሁን ብትናገር የሠላሳ ዓመት ስሙ በአንድ ትንፋሽ ይፈርሳል። ዝም ካለች ደግሞ ሣጥኑ የሚተነፍሰው ወደዚሁ ክፍል ነው። አባቷ ሰውን ሲያስጠነቅቅ «ጭስ እንኳ ወዳጅ ነው፤ አስነጥሶ ያስወጣሃል፤ የሚገድልህ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው» ይል ነበር።

ማህተሙ ወረቀቱ ላይ ዱብ አለ። ክብሪቱ ተጫረ።

«አጥፋው፣ አጎቴ።»

«ምን ሆነሻል? እናትሽን አታያትም?»

«ቱቦ የለውም። ከሣጥኑ በላይ ባዶ ነው።»

«በለቅሶው ቀን አባትሽን ልታሚ ነው?» አለ አጎቷ። ክብሪቱ ጣቱን ሲለበልበው ጣለው፤ ሁለተኛ አወጣ።

ልጅቷ ፔርሙዙን አስቀምጣ በእሱና በምድጃው መካከል ቆመች። «እጅህን አስገባና እየው» አለችው ምክትሉን። «አንድ ጊዜ ብቻ። እሱ ቢሆን ያይ ነበር።»

ምክትሉ የማህተሙን ቀለም እያየ አመነታ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ፤ ክንዱን በምድጃው ውስጥ ወደ ላይ እስከ ትከሻው ሰደደ። ሲዳብስ የድንጋዩ ፍርፋሪ ብቻ ሲረግፍ ተሰማ።

«የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«ያለ ፈቃድ ነበር እንዴ የሚሠራው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ አሁን ሳያንሾካሹክ።

«አዎ፣ ያለ ፈቃድ» አለች። «የገፋፋሁት እኔ ነኝ። ጣሪያ ላይ ሳለ ነው ያመመው። ጋዜጣ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እማዬ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት፤ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዳቦ ጋጋሪው ኮፍያውን አወለቀ። አጎቷ የካበውን ፍልጥ ማፍረስ ጀመረ። ምክትሉ ማህተም ያሳረፈበትን ወረቀት በንጹሕ እጁ አጨማደደው። ሌላኛውን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ እስከ ትከሻው በጥላሸት ጠቁሮ፣ ከልብሱ አርቆ ይዞት ቆመ።

ልጅቷ ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈታች። እጁን ተቀብላ ጥላሸቱን ከመዳፉ፣ ከዚያ ከጣቶቹ፣ አንድ በአንድ እስከ ጥፍሩ ሥር ትጠርግለት ጀመር። ምክትሉ አፍሮ እጁን ሊስብ ሲል ፊቷን አየና ተወላት።