ስምንት ዓመት የቀደመው ሰዓት

"አባ፣ እንዳይተኙ!"

ናጅዋ እጇን ዘርግታ ስትጮህ አባቷ ጀብሪል ደንግጠው ቀና አሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ የተሰበረ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ በሁለት እጃቸው የጌም መጫወቻዋን ይዘዋል።

"ማን ሊተኛ? ዙሁር እንኳ አልተሰገደም።"

"እርስዎን አይደለም፤ ጌሙ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ነው ያልኩት። አልጋው ላይ ከወጣ ሴቭ ያደርጋል። ሴቭ ካደረገ የጠፋው ላይመለስ ይችላል።"

ጀብሪል አውራ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። ትንሹ ሰውዬ አልጋው አጠገብ ቆመ።

ናጅዋ ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ትሠራለች። በረመዳን አባቷ ከባጃጅ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር፣ መዳፍ የምታህለውን መጫወቻዋን መርሳ ከተማ ቤታቸው ትታላቸው ሄደች። ውስጡ እሷ የጀመረችው የእርሻ ጌም አለ። ሥዕሉን እያዩ ጊዜ እንዲያሳልፉበት ብላ እንጂ ይጫወቱታል ብላ አልነበረም። እርሻዋን ወደ ላፕቶፗ ገልብጣ እዚያው ወልድያ ቀጠለችበት። ዛሬ መርሳ እንደደረሰች ሁለቱን በገመድ አገናኝታ እኩል ልታደርጋቸው ፈለገች። ፕሮግራሙ ቀናቸውን አነጻጸረ፤ የላፕቶፑ 2025፣ የመጫወቻው 2017። "የቆየውን በአዲሱ ልተካ?" ብሎ ጠየቀ። የማንንም አፍ ሳትጠብቅ "ተካ" የሚለውን ተጫነች።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት ጀብሪል መጫወቻውን ሲከፍቱት ያዩት የናጅዋን የዶሮ ቤት ነው።

"ይኼ ከየት መጣ? ቲማቲሜስ?"

"የምን ቲማቲም አባ?"

እናቷ ዘይነባ ከጓዳ ብቅ አለች። "የምን ትላለች እንዴ! ምሳ ቀርቦ 'ቆይ ውሃ ላጠጣ' ሲሉኝ ነው የከረሙት። እኔ ቤት ውስጥ ያለውን በርሜል አንድ ቀን ሙሉልኝ ብል እግሬ ይሉኛል።"

ጀብሪል አልሳቁም። "ግራና ያለው ማሳዬ ነበር" አሉ ዝግ ብለው። "ሚስባህ አርሶ ምርቱን በእኩል ሊያካፍለኝ ከያዘው ወዲህ ሄጄ አላየሁትም። እዚህ ግን ቦዩን እንደነበረ አወጣሁት። በቆሎውን ከላይ፣ ቲማቲሙን ከታች አደረግሁ። ድንበሩ ላይ ያለችውን ዛፍ ሳትቀር ተክያት ነበር። አሁን የለችም።"

ይህን እያሉ ሰውዬውን ወደ አልጋው ሲነዱት ነው ናጅዋ የጮኸችው። ደንበኞቿን "ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ ያዙ" የምትለው እሷ ነች። መጫወቻውን ተቀብላ አጠፋችው፤ ሚሞሪውን አውጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። የተሰረዘ ፋይል ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የጠፋ የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሣችና ጥበቃ ተቀመጠች።

"አባ፣ የመጫወቻውን ቀን ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ። ስምንት ዓመት ቀድሞ ሲሮጥ እያየሁ ዝም ልበል? ሐምሌን ሰባተኛ ወር ነው ይላል። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ሰዓት ነው ይላል። ቁጥር እንደሁ አይጠፋኝም፤ አስተካከልኩት።"

ናጅዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሳቁ ግን አመለጣት። "ፕሮግራሙ እኮ የርስዎን ሥራ የስምንት ዓመት አሮጌ መሰለው።"

"እንግዲህ አገሩን አያውቅም።"

ስክሪኑ ላይ ስማቸው የተቆራረጠ ፋይሎች ተደረደሩ። የመጀመሪያው አልከፈት አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ጀብሪል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ሦስተኛው ሲከፈት እሱን ገልብጣ፣ ሚሞሪውን መልሳ፣ መጫወቻውን አበራችና ሰጠቻቸው።

ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሰውዬውን በቦዩ ዳር እየነዱ እስከ ድንበሩ ወሰዱት።

"ዛፏ አለች። አልሐምዱሊላህ።" ወዲያው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ትናንት የለቀምኩት ቲማቲም ተክሉ ላይ ነው።"

"የትናንቱ አልተገኘም፤ ይኼ የከትናንት ወዲያው ነው። አፉ ይበሉኝ አባ። ሳልጠይቅዎት ነው የነካሁት።"

"አብሽሪ። እለቅመዋለሁ፤ ምን ሥራ አለኝ?"

"ቀኑንስ ወደ ፈረንጁ ልመልሰው?"

"ለምን ሲባል? ትክክል እኮ ነው።"

ናጅዋ ቀኑን አልነካችውም። ባለ ዶሮ ቤቱን እርሻዋን ላፕቶፑ ውስጥ ለብቻው አስቀመጠችው።

"የርስዎን ቅጂ ወልድያ ልያዝልዎት? አልጫወትበትም፤ ይኼኛው ቢበላሽ መመለሻ እንዲሆንዎት ነው።"

"ያዥው። ዶሮ እንዳታስገቢበት ብቻ።"

ቅጂውን ከወሰደች በኋላ የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፈተች። እስከዛሬ የሚሠራው የትኛው አዲስ እንደሆነ ራሱ እየገመተ ነበር። ከሥሩ ነክታው የማታውቅ ሌላ ምርጫ አለ፤ "የትኛው እንደሚቀር ሁልጊዜ ጠይቅ" ይላል። እሱን መረጠችና ላፕቶፑን ዘጋች።