የመምህሩ ስልክ ዘመዶች

መምህሩ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ቤታቸው ስልክ ገባ። ሠራተኛው ገመዱን በመስኮት አሳልፎ መሣሪያውን ሳሎን ካስቀመጠ በኋላ ቁጥሩን ጽፎ ሰጣቸው፦ 142857። መምህሩ ቁጥሩን እንዳዩ ወንበር ፈለጉ። ባለቤታቸው ደም ግፊታቸው የተነሳ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

«ይሄ ቁጥር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«የስልክ ነዋ» አለች።

ዕድሜ ልካቸውን ሂሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ቁጭ አድርገው አስረዷት። በሁለት ሲባዛ 285714 ይሆናል፤ በሦስት ደግሞ 428571። እስከ ስድስት ድረስ ቢያባዙት ያው ስድስቱ አሃዞች ተራቸውን ሳያዛንፉ፣ ክብ ሠርተው እንደሚጨፍሩ ሰዎች፣ ከፊት የሚቆመው ብቻ እየተለወጠ ይዞራሉ። ባለቤታቸው እስከ አራት ድረስ ታግሳ ሰማችና ድስቱ እንዳያርርባት ወደ ጓዳ ገባች።

መምህሩን ግን አላስቻላቸውም። የቀሩትን ቁጥሮች የያዙት እነማን ይሆኑ? ስልኩን አነሱና 285714 መቱ። ያነሳችው ልብስ ሰፊ ነበረች። የእርስዎ የእኔ እጥፍ ነው ቢሏት፣ የሱሪ እጥፋት ከሆነ ዛሬውኑ ይዘው ይምጡ አለቻቸው። 428571 የጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በትዕግሥት አዳምጦ ሲያበቃ የሚያማቸው በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠይቆ ቀጠሮ ሰጣቸው። መምህሩ ይሉኝታ ይዟቸው ሄዱ፤ አንድ መንጋጋ ጥርስ አስነቅለው ተመለሱ።

ጉንጫቸው እንዳበጠ ቀጠሉ። አራተኛው የሚያነሳው የለም። አምስተኛው ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ስድስተኛውን፣ 857142ን፣ ያነሳው ሰው ግን የተለየ ነበር። ቆይ እርሳስ ላምጣ ብሎ እየጻፈ አባዛ፣ ተገረመ፣ ሳቀ። ከዚያም መምህሩ ተማሪ እንዲጠይቃቸው ሲመኙ የኖሩትን ጥያቄ ጠየቀ።

«በሰባትስ?»

መምህሩ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ውሻ ጮኸ። በአንዱ ጆሯቸው በስልኩ ውስጥ፣ በሌላው በመስኮቱ በኩል ሰሙት። የጎረቤታቸው ውሻ ነው። ከዚህ ጎረቤት ጋር፣ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን በእነሱ ግቢ ይደፋል በሚል ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ መንገድ ላይ ሲተያዩ እንኳ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ሆኖ ነው የሚያልፈው።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ የውሻውን ጩኸት ከስልኩም የሰማው ጎረቤትየው፣ ድምፁ ቀዝቅዞ።

«ነኝ» አሉ መምህሩ።

ሁለቱም ግን ስልኩን አልዘጉም። ጎረቤትየው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ስለ አሸንዳው ነገር፣ ብሎ ሲጀምር መምህሩ አቋረጡት። አሸንዳው ይደርሳል፤ ጉዱ ያለው ሰባት ላይ ነው፣ እዚህ መጥተህ በዓይንህ እየው አሉት።

ነጠላ ጫማውን እንዳጠለቀ መጣ። የመምህሩ ባለቤት በሩን ከፍታ ስታየው ሌላ ሰሃን ጨመረች። ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው አባዙ፤ 999999 ወጣ። ጎረቤትየው ብዙ ሳያስብ ይህንንም እንደውል አለ።

ከወዲያ ማዶ ያነሳችው ሴት የሁለቱንም ማብራሪያ በተራ ሰማች፤ የመምህሩን ከነእብጠቱ፣ የጎረቤቱን ከነሳቁ። ስትጨርስ በትህትና ጠየቀቻቸው።

«ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አለ?»

መምህሩ ስልኩን ለባለቤታቸው አቀበሉ።